የሀፊሩ ትርፍ ውሃ በየት ይውጣ?

ሾዋክ አካባቢ ለሚኖር ሰው ሀፊር እንግዳ ነገር አይደለም። መሬቱ ተቆፍሮ፣ አፈሩ ዙሪያውን ተከትሮ የክረምቱን ውሃ ለበጋ የሚያቆይልን ኩሬ ነው። ሲቆፈር ሁላችንም የምናስበው ውሃው እንዴት እንደሚገባ ነው። ሲሞላ ትርፉ በየት እንደሚወጣ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ጣጣው የሚመጣውም ከዚህ ነው።

መውጫ ያልተሠራለት ውሃ መውጫውን ራሱ ይሠራል። ክትሩ ዝቅ ባለበት በኩል ይፈስና አፈሩን እየሸረሸረ ይንደዋል። ለበጋ የታሰበው ውሃ በአንድ ሌሊት ሄደ ማለት ነው! የታጠበው አፈርም ወደ ጅረቱ፣ ከዚያም ወደ አትባራ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራው የኸሽም አልጊርባ ግድብ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ እንዲይዝ ታስቦ ነበር፤ ግማሽ ያህሉን ቦታ ደለል ወሰደበት። ወንዙ ዳር ያለው ከሪብ የሚባለው ገደላ ገደል መሬትም ጎርፍ አፈርን ምን እንደሚያደርግ ያሳያል።

እስቲ እናስላ። ወደ ሀፊሩ ውሃ የሚልከው መሬት 10 ሄክታር ነው እንበል። በአንድ ሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 5,000 ሜትር ኩብ ይሆናል። ግማሹ መሬት ውስጥ ቢሰርግ፣ የቀረው 2,500 በ3,600 ሴኮንድ ሲካፈል በሴኮንድ 0.7 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ሀፊሩ ቀድሞ ሞልቶ ከሆነ ይህ ሁሉ መውጣት አለበት። መውጫው 1 ሜትር ስፋት ኖሮት ውሃው 35 ሳንቲ ሜትር ቢጠልቅ፣ በሴኮንድ 2 ሜትር ይሮጣል፤ ባዶ አፈር ይህን አይችልም። ስፋቱን 7 ሜትር፣ ጥልቀቱን 10 ሳንቲ ሜትር ብናደርገው ፍጥነቱ 1 ሜትር ብቻ ይሆናል። ይህን በደንብ የበቀለ ሣር ይችለዋል።

ስለዚህ፦
1. መውጫው በክምሩ አፈር ላይ ሳይሆን በጎን፣ ባልተነካ መሬት ላይ ይሁን።
2. ሰፊና ወለሉ የተስተካከለ ይሁን። ዝቅ ያለ ቦታ ካለ ውሃው እዚያ ተሰብስቦ ይቦረቡራል።
3. የክትሩ ጫፍ ከመውጫው ወለል ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል።
4. ሣር ይተከልበት፤ ከብት አይርገጠው።
5. ውሃው ወደ ጅረቱ የሚወርድበት ቦታ በድንጋይ ይነጠፍ። ከሥሩ ጠጠር ካልገባ ጥቁሩ አፈር በድንጋዮቹ መሀል ታጥቦ ይወጣል።

መምህራን ሆይ፣ ከዝናቡ በፊት ተማሪዎቻችሁን በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሀፊር ይዛችሁ ውጡ። ስፋቱን በገመድ ለኩ፣ ስሌቱንም አብራችሁ ሥሩ። መውጫው ጠባብ ሆኖ ከተገኘ ለማስፋት ጊዜው አሁን ነው፤ ጎርፉ ከመጣ በኋላማ ምን ዋጋ አለው?