የጦር ማርክ

የጦር ማርክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ የቃል ኪዳን አገሮች በያዙት የጀርመን ምድር ላይ ያሠራጩት የወረቀት ገንዘብ ነው። ድል አድራጊ ጦር በያዘው አገር ዶላሩን ወይም ፓውንዱን መበተን አይወድም፤ ገንዘቡ ከቁጥጥሩ ይወጣበታል። በጦር ገንዘብ ሲከፍል ግን ዕዳው የሚያርፈው በተያዘው አገር ላይ ነው።

ኖቶቹ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1944 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋሉ። ከግማሽ ማርክ እስከ 1,000 ማርክ ስምንት ዓይነት ነበሩ፤ የሰው ምስልም ሆነ የባንክ ፊርማ የለባቸውም። ያተማቸው የአሜሪካው ፎርብስ ማተሚያ ቤት ከጌጡ መሐል ትንሽ «ኤፍ» ፊደል ደብቆባቸዋል።

ሶቪየት ኅብረት የራሷን ድርሻ ራሷ ካላተምኩ ስላለች የአሜሪካ ግምጃ ቤት በ1944 የማተሚያ ቅርጹን አስረከባት። እሷ ያተመችው በተከታታይ ቁጥሩ ፊት ባለች ትንሽ ሰረዝ ይለያል። ስንት እንዳተመች የሚቆጣጠር ግን አልነበረም።

ጉዱ የታየው በ1945 በጋ በርሊን ላይ ነው። የሶቪየት ወታደር የቆየ ውዝፍ ደመወዙን በማርክ ተቀብሏል፤ አገሩ ይዞት ቢገባ በሩብል የሚመነዝርለት የለም። አሜሪካዊው በበኩሉ 10 ማርክ በአንድ ዶላር ሒሳብ አስመንዝሮ ወደ ቤቱ መላክ ይችላል። ስለዚህ በጦር ሰፈር ሱቅ ከአንድ ዶላር የማይበልጥ አንድ እስቴካ ሲጋራ እስከ 1,000 ማርክ ማለትም 100 ዶላር ያወጣ ጀመር፤ የሚኪ ማውስ ሥዕል ያለበት ርካሽ የእጅ ሰዓት ደግሞ ከዚያም በላይ። በሐምሌ ወር በርሊን ያለው የአሜሪካ ጦር አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደመወዝ ከፍሎ፣ ወታደሮቹ ወደ አገር ቤት የላኩት ሦስት ሚሊዮን ያህል ሆነ።

የአሜሪካ ሴኔት በ1947 ነገሩን ሲመረምር ብዙ ወቀሳ ያረፈው በማተሚያ ቅርጹ መሰጠት ላይ ነበር። ሆኖም ሶቪየቶች ያንኑ ማርክ አትመው በሩብል አንመነዝርም ስላሉ አልተጎዱም፤ አሜሪካን ያከሰራት የራሷ ከፋዮች ያለገደብ መመንዘራቸው ነው። ኪሳራው 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደርሷል። ቀዳዳው የተደፈነው በመስከረም 1946፣ ወታደሮቹ ከሰፈር ውጭ በማይሠራ ልዩ የደመወዝ ኖት መከፈል ሲጀምሩ ነው። በምዕራብ ጀርመን ደግሞ በሰኔ 1948 የወጣው ዶይቸ ማርክ የጦር ማርክን ተካው።