የሚናቀው ኮምፔንሳቶ

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ሸዋ ሮቢት ለሠርግ የሚወርድ ጊታር ብዙ ይፈተናል። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው የጣርማ በር ጉም በጥቂት ሰዓት ውስጥ 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለው የይፋት ቆላ ሐሩር ይገባል። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ለውጡ በጅማቱ ርዝመት በኩል እዚህ ግባ አይባልም፤ በወርዱ በኩል ግን ጣውላ እስከመሰንጠቅ ይደርሳል።

ስለዚህ ሆዱ በከፊል ባዶ የሆነውን ኤሌክትሪክ ጊታር «ኮምፔንሳቶ ነው» ብሎ ዋጋ መስበር ትልቅ በደል ይመስለኛል። የጊታር አምራቹ ጊብሰን በ1958 እ.ኤ.አ. ያወጣው ታዋቂው ኢኤስ-335 ፊቱም ጀርባውም ኮምፔንሳቶ ነው። ስስ ንጣፎች ጅማታቸው እየተሻገረ በኮላ ተጣብቀው በቅርጽ ማውጫ ተጭነዋል። አንዱ ንጣፍ ላብጥ ሲል ሌላው አንቆ ይይዘዋል።

ዋናው ምክንያት ግን ድምፅ ነው። አምፕሊፋየሩ ከፍ ሲል ከስፒከር የሚወጣው ድምፅ የጊታሩን ገጽ ያርገበግባል። ርግብግቡ ወደ ክሩ ያልፋል፣ ከክሩ ሥር ያለው ድምፅ ተቀባይ (ፒክአፕ) ይቀበለዋል፣ ስፒከሩ አጉልቶ ይመልሰዋል። እንዲህ ሲዞር ሙዚቀኞች ፊድባክ የሚሉት ጩኸት ይፈጠራል። ከወጥ እንጨት የተጠረበ ቀጭን ገጽ በቀላሉ ስለሚርገበገብ ለአኮስቲክ ጊታር ጸጋ ነው፤ እዚህ ግን ጠላት ይሆናል። ኮምፔንሳቶ በቀላሉ አይነቃነቅም። ጊብሰኖች ይህም አልበቃቸውም፤ ከአንገቱ ሥር እስከ ጭራው በሆዱ መሃል የሜፕል ግንድ አጋደሙ። ባዶ የቀሩት ሁለቱ ጎኖች ብቻ ናቸው። በብሉዝ ጊታሪስቱ በቢ.ቢ. ኪንግ ስም የወጣው «ሉሲል» ደግሞ ፊድባኩ እንዲቀንስ የኤፍ ቀዳዳዎቹ ጭምር ቀርተውለታል።

ወጥ እንጨት የመረጡም አሉ። ሪከንባከር 360 ከበሮ ከዋንዛ ግንድ እንደሚፈለፈል ሁሉ ከሜፕል ጣውላ በጀርባው በኩል ተቦርቡሮ ይሠራል። የፌንደር ቴሌካስተር ቲንላይንም በ1968 እ.ኤ.አ. በዚሁ መንገድ መጣ። ግድግዳቸው ወፍራም ስለሆነ ጩኸቱን ይቋቋማሉ፤ ድምፃቸውም ጠጠር ይላል።

ኮምፔንሳቶውን ከወጥ እንጨቱ ለመለየት የኤፍ ቀዳዳውን ጠርዝ በብርሃን ማየት ነው፤ ኮምፔንሳቶ ከሆነ የንጣፎቹ መስመር ይታያል። አንገቱ ግን በሁለቱም ዓይነት ወጥ እንጨት ነው። ስለዚህ ሸዋ ሮቢት የደረሰ ጊታር ከሣጥኑ ሳይወጣ አየሩን ይልመድ፤ ከዚያ ክሩ ከፍሬቱ ርቆ ወይም ተጠግቶ ከተገኘ፣ በአንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ በቁልፍ ቀስ እየተባለ ይስተካከላል።