«ሲስተም የለም» ሲባል የጠፋው ምንድን ነው?

በኢትዮጵያ ከተሞች፣ በባሌ የሚገኙትን ሮቤንና ጎባን ጨምሮ፣ በካርድ ክፍል፣ በባንክ መስኮትና በገቢዎች ጽሕፈት ቤት ተራውን የሚጠብቅ ባለጉዳይ አዘውትሮ የሚሰማው መልስ «ሲስተም የለም» የሚል ነው። ይህ አጭር መልስ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ችግሮችን በአንድ የሚጠቀልል ሲሆን፣ አንዱ የመብራት መጥፋት፣ ሌላው የኔትወርክ መቋረጥ ነው፤ ሁለቱንም ባለጉዳዩ ራሱ ያውቃቸዋል። ሦስተኛው ግን መብራቱ በርቶ፣ መስመሩም ደኅና ሆኖ ሳለ ፕሮግራሙና መረጃው የተቀመጠበት ዳታቤዝ ሳይግባቡ ሲቀሩ የሚፈጠር ነው። ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይኸው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱን በጽሑፍ አስፍሮ የሚያቆየውም እርሱ ነው።

ነገሩ ከባሌ ደጋ የራቀ ለሚመስለው አንባቢ የጤና ሪፖርት የሚጓዝበትን መንገድ መመልከት ይበቃል። የጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ያዋለው ዲኤችአይኤስ 2 የተባለ የጤና መረጃ ሥርዓት፣ በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በሚያስተባብረው ቡድን የተሠራና ማንም በነፃ ሊጠቀምበት የሚችል ሶፍትዌር ነው። ይህ ሶፍትዌር በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ ተጽፎ፣ ቶምካት በተባለ ሰርቨር ላይ እየሠራ፣ መረጃውን ፖስትግሬስኪውኤል በተባለ ዳታቤዝ ያኖራል፤ በፕሮግራሙና በዳታቤዙ መካከል ቆሞ የሚያስተረጉመው ክፍል ደግሞ ሃይበርኔት ይባላል። በሲናና የስንዴ ማሳዎች መካከል ካለ ጤና ኬላ የሚነሣ የክትባት ቁጥርም ሆነ ከሳነቴ አምባ ማዶ፣ ሐረና ደን አፋፍ ላይ ካለችው ሪራ የሚመጣ የወሊድ ቁጥር መጨረሻው የዚህ ዳታቤዝ ሠንጠረዥ ነው። የጤና ሪፖርት ወር ከ21ኛው ቀን ተነሥቶ በቀጣዩ ወር 20 ስለሚዘጋ፣ የመላ አገሪቱ ሪፖርት በየወሩ በተመሳሳይ ጥቂት ቀናት ውስጥ ይጎርፋል፤ ሌላ ጊዜ ተሸሽጎ የሚቆይ ስሕተት ገሃድ የሚወጣውም በእነዚያ ቀናት ነው።

አለመግባባቱ ከየት እንደሚመነጭ ለመረዳት አንዲት ነፍሰ ጡር እናትን ማሰብ ይጠቅማል። በጃቫ ፕሮግራም ውስጥ እናቲቱ አንድ «ኦብጀክት» ናት፤ ይኸውም ስሟ፣ ዕድሜዋ፣ ያደረገቻቸው ክትትሎችና የእያንዳንዱ ክትትል የምርመራ ውጤት ሁሉ ተያይዘው የሚገኙበት አንድ ሙሉ አካል ማለት ነው። ዳታቤዙ ግን ሙሉ አካል አያውቅም። ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባቀረበው የዝምድናዊ ዳታቤዝ ንድፈ ሐሳብ መሠረት ሁሉም ነገር ተበጣጥሶ በሠንጠረዥ ይቀመጣል፤ ስሟ በአንዱ፣ ክትትሏ በሌላው፣ የደም ምርመራዋ በሦስተኛው ሠንጠረዥ ይሰፍርና በመለያ ቁጥር ብቻ ይያያዛል። አካሉን ወደ ሠንጠረዥ መበተን፣ ከሠንጠረዥም መልሶ መገጣጠም አድካሚ ሥራ በመሆኑ፣ ይህንኑ በራሱ የሚያከናውን አስተርጓሚ ሶፍትዌር አስፈለገ። ጋቪን ኪንግ እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረው ሃይበርኔት ከእነዚህ ዋነኛው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ጄፒኤ የተባለው የጋራ ደንብ ወጥቶ የተለያዩ አስተርጓሚዎች በአንድ ሥርዓት እንዲሠሩ አደረገ። ሰርቨሩ በበኩሉ ከዳታቤዙ ጋር የሚደረገውን ግንኙነት ያስተዳድራል።

አስተርጓሚው ሥራውን በዝምታ ስለሚሠራ፣ ፕሮግራም አዘጋጁ ከዳታቤዙ ምን ያህል ጥያቄ እየተጠየቀ እንደሆነ ላያውቅ ይችላል፤ ብዙው ጣጣ የሚጀምረውም ከዚህ ነው። የ300 እናቶች ዝርዝር ከነመጨረሻ ክትትላቸው በስክሪን ላይ ይውጣ ቢባል፣ በጥንቃቄ ያልተጻፈ ፕሮግራም መጀመሪያ ዝርዝሩን በአንድ ጥያቄ ያመጣና ቀጥሎ ለእያንዳንዷ እናት ክትትል ለብቻው እየሄደ ይጠይቃል፤ ድምሩ 301 ጥያቄ ይሆናል። ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 300 ካርድ ከጎባ እንዲያመጣ የተላከ ሰው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጭኖ በመመለስ ፈንታ ለእያንዳንዱ ካርድ አንድ ምልልስ ቢያደርግ ከዚህ አይለይም። ፕሮግራሙና ዳታቤዙ በአንድ ማሽን ላይ ሆነው አንድ ምልልስ አንድ ሺሕኛ ሴኮንድ ቢፈጅ፣ 301ዱም በሴኮንድ ሢሶ ውስጥ ስለሚያልቁ ማንም ልብ አይለውም። ፕሮግራሙ ሮቤ፣ ዳታቤዙ ግን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ቢቀመጥና አንዱ ምልልስ 40 ሺሕኛ ሴኮንድ ቢወስድ፣ ያው ገጽ ለመከፈት 12 ሴኮንድ ይፈጃል። ተጠቃሚው ኔትወርኩን ይወቅሳል፤ ኔትወርኩ ግን የታዘዘውን 301 ጊዜ በታማኝነት ፈጽሟል። መድኃኒቱ ሃይበርኔት የሚልካቸውን ጥያቄዎች በሎጉ፣ ማለትም ሰርቨሩ በየቅጽበቱ የሚሠራውን በሚጽፍበት የክንውን መዝገብ ላይ እንዲያሰፍር ማዘዝ ነው፤ አንድ ዓይነት ጥያቄ ቁጥሩ ብቻ እየተለወጠ ገጽ ሙሉ ሲደረደር ማየት ለምርመራው በቂ ማስረጃ ሲሆን፣ ጥገናውም ሁለቱን ሠንጠረዦች በአንድ ጥያቄ አጣምሮ መጠየቅ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ችግር የግንኙነት እጥረት ነው። ከዳታቤዝ ጋር አዲስ ግንኙነት መክፈት ጊዜ ስለሚወስድ፣ ሰርቨሩ አስቀድሞ የከፈታቸውን ጥቂት ግንኙነቶች ይዞ ለጠየቀው ሁሉ ያከራያል። የባሌ ገበሬ ይህን ከኮምባይነር ያውቀዋል፤ በስንዴ አጨዳ ወቅት ጥቂት ኮምባይነሮች ለብዙ ማሳ የሚበቁት እያንዳንዱ ገበሬ አሳጭዶ እንደጨረሰ ወዲያው ሲለቅ ነው፤ አንዱ አጨዳውን ጨርሶ ማሽኑን በማሳው ቢያቆም ዝናብ የሚመታው የተረኛው እህል ነው። በጃቫ ፕሮግራሞች ዘንድ የተለመደው ሂካሪሲፒ የተባለ የግንኙነት አከራይ፣ ካልተለወጠ በስተቀር፣ የሚይዘው ቢበዛ 10 ግንኙነት ሲሆን፣ ተረኛው 30 ሴኮንድ ጠብቆ ካላገኘ ስሕተት ይመለስለታል። ፕሮግራሙ በአንድ መንገድ ላይ ብቻ፣ ለምሳሌ ስሕተት ሲያጋጥመው፣ ግንኙነቱን ሳይመልስ የሚወጣ ከሆነ፣ እንዲህ ያለው አጋጣሚ 10 ጊዜ ሲደርስ ሥርዓቱ ቀጥ ይላል። ሰርቨሩ ሪስታርት ሲደረግ ሁሉም እንደገና ይሠራል፤ ከቀናት በኋላም ያው ይደገማል። ብዙ ባለሙያ በዚህ ጊዜ ቁጥሩን ከ10 ወደ 100 ያሳድጋል፤ ይህ ግን በሽታውን ማዘግየት እንጂ ማዳን አይደለም፤ ፖስትግሬስኪውኤል ራሱም ካልተለወጠ በቀር የሚቀበለው 100 ግንኙነት ብቻ ነው። ትክክለኛው መንገድ ግንኙነትን ከተወሰነ ሴኮንድ በላይ ይዞ የቆየ ክፍል ስሙ በሎግ እንዲወጣ የሚያደርገውን መቆጣጠሪያ ማብራት ነው፤ መቆጣጠሪያው ሲጫን ጀምሮ የተዘጋ ሲሆን፣ የሚበራውም በአንድ መስመር ነው።

ሌላው ዘወትር የሚያጋጥም ስሕተት «ሰነፍ አመጣጥ» ከሚባለው አሠራር ይመነጫል። አስተርጓሚው ዋናውን ካርድ ብቻ አምጥቶ ቀሪውን ሲጠየቅ ለማምጣት በምትኩ ምልክት ያስቀምጣል፤ ፕሮግራሙ ቀሪውን የሚጠይቀው ከዳታቤዙ ጋር የነበረው ክፍለ ጊዜ ከተዘጋ በኋላ ከሆነ፣ መዝገብ ቤቱ ተቆልፎ ያገኘዋል። ይህ ቢያንስ በግልጽ የሚጮኽ ስሕተት ነው። የሚያስፈራው የማይጮኸው ነው። ሁለት ሠራተኞች የአንዲትን እናት ካርድ በአንድ ጊዜ ከፍተው፣ አንዷ የደም ዓይነት፣ ሌላው ስልክ ቁጥር አስተካክለው ቢያስቀምጡ፣ በሠንጠረዡ ላይ የእትም ቁጥር የምትይዝ ዓምድ ከሌለች ኋላ ያስቀመጠው የፊተኛይቱን እርማት ሊያጠፋው ይችላል፤ ማንም አይነገረውም። ዓምዷ ብትኖር ግን ሁለተኛው ሰው ካርዱ ከእርሱ በፊት መለወጡ ተነግሮት እንደገና እንዲያይ ይደረጋል።

የስምና የፊደል ጉዳይ ከዚህ ያልተናነሰ ትኩረት ይሻል። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ርዝመትን በባይት የሚቆጥር ዳታቤዝ ለስም 20 ባይት ቢመደብለት ከ6 ፊደል በላይ አይቀበልም። የፊደል አቀማመጡ ባልተስተካከለ ዳታቤዝ ውስጥ አማርኛው ወደ ጥያቄ ምልክት ከተለወጠ መረጃው ከናካቴው ጠፍቷል፤ በእንግዳ የላቲን ፊደሎች ተዘበራርቆ ከታየ ግን ባይቶቹ አብዛኛውን ጊዜ እንዳሉ ስለሆኑ ሊመለስ ይችላል። ይህን ልዩነት የማያውቅ ባለሙያ የሚድነውን መረጃ እንደ ሞተ ቆጥሮ ሊሰርዘው ይችላል። በባሌ ደግሞ ያው ሰው «ሐሰን» ወይም «ሀሰን» ተብሎ፣ በሌላ ጊዜም በቁቤ ሊመዘገብ ስለሚችል፣ የኦብጀክትን ማንነት በስም የሚለይ ፕሮግራም አንዱን ታካሚ ሦስት ያደርገዋል፤ ማንነት ሊመሠረት የሚገባው በማይለወጥ መለያ ቁጥር ላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የኢትዮጵያ ፕሮግራም አዘጋጆች ራሳቸው ሊጠነቀቁለት የሚገባው የቀን አቆጣጠር ነው፤ ይህን ስሕተት ከውጭ የሚመጣ መጽሐፍ አያስተምራቸውምና። ጃቫ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው 8ኛ እትሙ የጃፓንን፣ የታይላንድን፣ የታይዋንንና የሂጅራን አቆጣጠር ሲያካትት የኢትዮጵያን አላካተተም። ዲኤችአይኤስ 2 የኢትዮጵያን አቆጣጠር ለብቻው አዘጋጅቷል፤ በየመሥሪያ ቤቱ የሚሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች ግን የኢትዮጵያን ቀን ቁጥር በቀጥታ በተለመደው የቀን ዓይነት ሊያስቀምጡ ይሞክራሉ። በጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ቀን «2016፣ 13ኛ ወር፣ 3» ተብሎ ሲገባ፣ የቆየው የጃቫ ቀን አንባቢ 13ኛ ወር ስለማያውቅ ወደ ቀጣዩ ዓመት 1ኛ ወር ያሻግረዋል፤ ሕፃኑም መስከረም 3 ቀን 2017 የተወለደ ሆኖ ይመዘገባል። የልዩነቱ ልክ 5 ቀን ነው፤ ዓመቱ ግን ተለውጧል፤ የጳጉሜን ልደቶች በሙሉም በመስከረም ላይ ይደመራሉ። ጥቅምት 30 እንዲሁ 2ኛው ወር 30 ቀን የለውም ተብሎ ወደ ኅዳር ይገፋል። የተለወጠው ቀን በራሱ ትክክለኛ ቀን ስለሆነ ሃይበርኔትም ዳታቤዙም ያለ ተቃውሞ ይቀበሉታል፤ በሎጉ ላይም አንድ መስመር አይወጣም። መፍትሔው በዳታቤዙ ውስጥ የጎርጎርዮሱን ቀን ብቻ አስቀምጦ፣ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መለወጡን ለስክሪኑ መተው ነው።

ከእነዚህ በቀር ሎጉ አብዛኛውን ይናገራል። የጃቫ የስሕተት መልእክት ረጅምና አስፈሪ ቢመስልም፣ የመነሻ ምክንያቱ የሚገኘው «በዚህ ምክንያት» ከሚሉት መስመሮች በመጨረሻው ላይ ስለሆነ፣ ከላይ ሳይሆን ከታች መነበብ ይጀምራል። ሰርቨሩን አጥፍቶ ማብራት አገልግሎቱን ይመልሳል፤ በሰርቨሩ ሜሞሪ ውስጥ የነበረውን፣ ማን የትኛውን ግንኙነት ይዞ እንደነበር የሚያሳየውን ማስረጃ ግን ያጠፋል። ስለዚህ ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች ሪስታርት ከማድረጋቸው በፊት ሎጉንና በዚያች ቅጽበት የነበረውን የሥራ ሁኔታ ቀድተው ያስቀምጡ። ሮቤ በሚገኘው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ስፍራ ፕሮግራም የሚማሩ ወጣቶች ደግሞ ሥራቸውን ከማስረከባቸው በፊት ሁለት ቀኖችን አስገብተው ይፈትሹ፤ ጥቅምት 30ንና ጳጉሜን 3ን።