ያውቁ ኖሯል? ድንጋይ እንዴት እንደሚወለድ

ባልጩትና ፑሚስ ከአንድ ዓይነት የቀለጠ ዐለት ሊወጡ እንደሚችሉ ያውቁ ኖሯል? ሲሊካ የበዛበት ዝልግልግ ቅልጥ ጋዙን ጨርሶ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ፣ ማዕድናቱ ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ያጥራቸዋል፤ ጥቁር መስታወት ሆኖ ይቀራል። ባልጩት ይህ ነው። ያው ቅልጥ ጋዙን እንደታቀፈ ሲፈነዳ ግን አረፋው እንዳለ ይደርቅና ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ፑሚስ ይሆናል። የሚኖሩት በብሎኬት ቤት ከሆነ ግድግዳዎ ውስጥ ሊኖር ይችላል።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው መልካ ቁንጥሬ የጥንት ሰዎች ባልጩት እየፈለጡ መሣሪያ መሥራት የጀመሩት ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ዩኔስኮ ቦታውን እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ቅልጡ ከምድር በታች ቀርቶ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝስ? ያኔ ክሪስታሎቹ ተረጋግተው ያድጋሉ፤ በዓይን የሚለይ ፍሬ ያለው ጠንካራ ዐለት ይገኛል። የአክሱም ሐውልቶች የዚህ ወገን ናቸው። በብዙ ጽሑፍ ግራናይት ይባላሉ፤ ጂኦሎጂስቶች ግን ኔፌሊን ሳየናይት ይሏቸዋል። ግራናይት ኳርትዝ አለው፤ ይህኛው የለውም። ድንጋዩ የተጠረበው ከከተማዋ በስተምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ካለው ጎቦ ዱራ ኮረብታ ሲሆን፣ የጠራቢዎቹ የመሣሪያ ምልክት ዛሬም እዚያው ይታያል። ወድቆ የተሰበረው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱም ከ500 ቶን ያላነሰ እንደሆነ ይገመታል። ይህን ያህል ክብደት ከካባ ነቅሎ ያጓጓዘ ሕዝብ ድንጋይ መምረጥ ያውቅ ነበር ማለት ይቻላል!

ለመንገድና ለመሙያ የሚደፋው ቀይ አሽ ለምን ቀይ ሆነ? ጋዝ የበዛበት ቅልጥ ወደ ላይ እየተረጨ ሲወድቅ ገና ትኩስ ሳለ በውስጡ ያለው ብረት ከኦክስጅን ጋር ስለሚዋሃድ ነው። በቢሾፍቱ ዙሪያ ያሉት ክብ ኮረብታዎች ብዙዎቹ የዚህ ክምር ናቸው።

ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ሲያሽቆለቁል ወደ ኋላ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዓመታትን እንደሚሻገር ያውቁ ኖሯል? እኔ በአገራችን ከዚህ የተሻለ የጂኦሎጂ መማሪያ ክፍል አለ ብዬ አላምንም። አናቱ ላይ ያለው ጥቁር ባዛልት ነው፤ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ምድር ተሰንጥቃ ያፈሰሰችው የእሳተ ገሞራ ጎርፍ። ሥሩ ጥንታዊ ወንዞች ያነጠፉት የአሸዋ ድንጋይ አለ። ዝቅ ሲሉ የኖራ ድንጋይ ይመጣል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ምክንያቱም ይህ በዳይኖሰሮች ዘመን አካባቢውን ሸፍኖት የነበረው ባሕር ወለል ነው፤ የባሕር እንስሳት ዛጎልና ቅርፊት ወለሉ ላይ ተከማችቶ፣ ተጨቁኖና ተጣብቆ የጠነከረ። ደጋ ላይ በሚኖር ገበሬ እርሻ ሥር የጥንት ባሕር ወለል አለ ማለት ነው። ከኖራ ድንጋዩም ሥር ጀሶ ይገኛል፤ ጥልቀት የሌለው ውኃ በፀሐይ ሲተን የተወው። ወደ ወንዙ ሲጠጉ ደግሞ ሌላ፣ ከሁሉም የሚቀድም የአሸዋ ድንጋይ አለ። ሲሚንቶ ፋብሪካዎች በደጀንና በሙገር የተተከሉት ይህን የኖራ ድንጋይ ተከትለው ነው፤ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቃጠላል።

ጨውም ድንጋይ ነው። በዳናኪል ዝቅተኛ ስፍራ የቀይ ባሕር ውኃ ገብቶ ሲተን ጨው ተነባብሮ ቀረ፤ አፋሮች በመጥረቢያ የሚፈልጡት፣ አሞሌ ሆኖ ለዘመናት ገንዘብ የነበረውም እሱ ነው።

እብነ በረድስ? የኖራ ድንጋይ ሳይቀልጥ፣ ጠጣር እንደሆነ፣ በጥልቅ ምድር ሙቀትና ጫና ሲለወጥ የሚገኝ ነው። ክሪስታሎቹ እንደ አዲስ ስለሚያድጉ የዛጎሎቹ ቅርጽ ይጠፋል። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ እብነ በረድ እንዲህ ከተለወጡ ጥንታዊ ዐለቶች ወገን ነው። ጭቃም እንዲሁ ይለወጣል፤ መጀመሪያ ስስ ሽፋን ያለው ድንጋይ፣ ጫናው ሲበረታ በሉህ በሉህ የሚሰነጠቅ ስሌት ይሆናል።

አመድ ሲጠነክር ቀን መቁጠሪያ ይሆናል ቢባሉ ያምናሉ? በኦሞ ሸለቆ ኪቢሽ የተገኘውን የሰው ቅሪተ አካል ዕድሜ ለማወቅ ተመራማሪዎች ከበላዩ ያለውን የአመድ ንጣፍ መረመሩ። የአመዱ ኬሚካላዊ ይዘት በመቶዎች ኪሎ ሜትር ከሚርቀው የሻላ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጋር ገጠመ። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ውጤት ፍንዳታው ከ230 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ሆኖ ተገኘ። አመዱ ከላይ ስለሆነ ሰውየው ከዚያ ይቀድማል። የዛሬው የሻላ ሐይቅ ያረፈው በዚያው እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ከምድር በታች የሚቀልጠው አብዛኛው ዐለት ግን ብርሃን አያይም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 በአፋር፣ በዳባሁ አካባቢ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በቅልጥ ዐለት ተሞላ፤ አንዳንድ ቦታ መሬቱ እስከ 8 ሜትር ተለያየ። ወደ ላይ የወጣው ጥቂት ነበር። ቀሪው እዚያው ጥልቁ ውስጥ ደረቀ።