ትንሽ ዝርያ ያለው ቡችላ እድገት፦ ምን ያህል ያድጋል? ትንሽነቱስ መቼ ያሳስባል?

ቤትዎ የገባው ቡችላ ዮርክሻየር ቴሪየር፣ ቺዋዋ፣ ማልቲዝ ወይም ፖሜራኒያን ከሆነ ቤተሰቡ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ሲያድግ ስንት ኪሎ ይሆናል?» ብሎ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ቡችላው ትንሽ የሆነው በዝርያው ነው ወይስ ታሞ? ሁለቱ በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ልዩነቱን ሳያውቁ መቆየት ደግሞ የቡችላውን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ሲያድግ ስንት ይመዝናል?

የአሜሪካ ኬኔል ክለብ መስፈርት የዮርክሻየር ቴሪየር ክብደት ከ7 ፓውንድ (3.2 ኪሎ ግራም ገደማ)፣ የቺዋዋ ደግሞ ከ6 ፓውንድ (2.7 ኪሎ ግራም ገደማ) እንዳይበልጥ ይላል። ለፖሜራኒያን የተቀመጠው ከ3 እስከ 7 ፓውንድ፣ ማለትም ከ1.4 እስከ 3.2 ኪሎ ግራም ነው። ትንሹ ፑድል የሚለካው በክብደት ሳይሆን በቁመት ነው፤ ትከሻው ላይ ሲለካ ከ25 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም።

እነዚህ ቁጥሮች የወጡት ለውድድር ነው። 4 ወይም 5 ኪሎ የሚመዝን፣ አጥንቱ ሰፋ ያለ ዮርክሻየር ቴሪየር ከውድድር መስፈርቱ ወጣ እንጂ አልታመመም። ውፍረትን ለማወቅ ከሚዛኑ ይልቅ እጅዎ ይሻላል። ጎኑን ቀስ ብለው ሲዳስሱ የጎድን አጥንቶቹ ሳይጫኑ የሚታወቁ ከሆነና ከላይ ሲያዩት ወገቡ ገባ ያለ ከሆነ ክብደቱ ደህና ነው።

እድገቱ መቼ ይቆማል?

ትንንሽ ዝርያዎች ቶሎ ያድጋሉ፣ ቶሎም ያቆማሉ። ሲወለዱ ብዙዎቹ ከ100 እስከ 150 ግራም ብቻ ይመዝናሉ። ጤናማ ቡችላ በ10 ቀን ገደማ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ያደርሳል። እስከ 4 ወር በፍጥነት ያድግና ከዚያ በኋላ ይቀዘቅዛል። አብዛኞቹ ከ8 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ የመጨረሻ ክብደታቸው ላይ ይደርሳሉ። ትልልቅ ዝርያዎች ግን እስከ 18 ወርና ከዚያም በላይ ማደጋቸውን ይቀጥላሉ።

ብዙ አርቢዎች የ12 ሳምንት ክብደትን በ2 አባዝተው ትንሽ ይጨምሩበታል። በዚህ ስሌት በ12 ሳምንቱ 900 ግራም የሆነ ቡችላ ሲያድግ ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል ማለት ነው። ስሌቱ ግምት ነው፤ ገዝተው ከሆነ ሻጩ በዚህ ቁጥር ቃል ቢገባልዎ አይመኑት። የእናትና የአባቱን ክብደት መጠየቅ ይሻላል፤ የመዳፉን ትልቅነት አይቶ መገመት ግን በእነዚህ ዝርያዎች ላይ ብዙም አይሠራም።

ከሁሉ የሚሻለው በየጊዜው መዝኖ መመዝገብ ነው። ልጅዎን ጤና ጣቢያ ወስደው ካስመዘኑ የእድገት መከታተያ ካርዱን ያውቁታል፤ ለቡችላም ተመሳሳይ ነገር አለ። የዋልታም ተቋም ተመራማሪዎች በ2017 ያሳተሙት የእድገት ሰንጠረዥ ከ12 ሳምንት ጀምሮ ያገለግላል፤ ሲያድጉ ከ6.5 ኪሎ በታች ለሚሆኑ ውሾችም የራሱ ክፍል አለው። እዚህም እንደ ልጅ ካርድ ነው፤ መስመሩ ዝቅ ብሎ መጀመሩ ብቻውን አያስጨንቅም፤ የጀመረበትን መስመር ትቶ ወደ ታች ከወረደ ግን ሐኪም ይየው። የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሳይበላ ይመዝኑት።

ትንሽነቱ ከበሽታ ሲሆን

ቀላሉና ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ምክንያት ወስፋት ነው። ሆዱ ተነፍቶ ጀርባውና ጎኑ የከሳ ቡችላ «ጠግቧል» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚያሳየው ትል ነው። የወስፋት መድኃኒት ከ2 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ፣ ከ8 ሳምንት በኋላ ደግሞ በየወሩ ይሰጣል፤ መጠኑ በክብደት ስለሚሰላ ሐኪሙ ይወስነው። የውሻ ወስፋት እንቁላል አፈር ነክተው እጃቸውን ሳይታጠቡ ወደ አፋቸው ወደሚያስገቡ ልጆችም ስለሚተላለፍ ጉዳዩ የቤተሰቡም ነው።

በዮርክሻየር ቴሪየርና በማልቲዝ ላይ በተለይ ሊታሰብበት የሚገባው በተፈጥሮ የሚመጣ የጉበት ደም ሥር ችግር ነው። ከአንጀት የሚመጣው ደም በጉበት ውስጥ ማለፍ ሲገባው በሌላ መንገድ አልፎ ይሄዳል፤ ስለዚህ መርዛማ ነገሮች ሳይጣሩ ወደ አንጎል ይደርሳሉ። ቡችላው አብረውት ከተወለዱት ያንሳል፣ ከበላ በኋላ ይደነግዛል፣ ይንገዳገዳል፣ አንዳንዴም ግንባሩን ግድግዳ ላይ ይደግፋል። በደም ምርመራ መጠርጠር ይቻላል፤ ብዙዎቹ በቀዶ ሕክምና ይረዳሉ።

ቺዋዋ ላይ እንደ ሕፃን እርግብግቢት ያለ ለስላሳ ቦታ በጭንቅላቱ አናት ላይ ሊኖር ይችላል። ይህ ብቻውን በሽታ አይደለም። ጭንቅላቱ ከልክ በላይ ተልቆ ዓይኖቹ ወደ ታችና ወደ ውጭ የሚያዩ ከሆነ፣ ወይም ቡችላው ነገር ለመልመድ እጅግ የሚዘገይ ከሆነ ግን በአንጎሉ ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀሙን ሐኪም ይመርምር።

የደም ስኳር መውረድ፦ ድንገተኛ አደጋ

የትንሽ ቡችላ ጉበት የሚያከማቸው ስኳር ጥቂት ነው። አንድ ምግብ ቢያልፈው፣ ቢበርደው ወይም ቢያስቀምጠው የደም ስኳሩ በሰዓታት ውስጥ ሊወርድ ይችላል። የስኳር ሕመምተኛ ባለበት ቤት ምልክቶቹ እንግዳ አይሆኑም፦ መድከም፣ መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ፣ ከዚያም ራስን መሳት።

ቡችላው እየዋጠ ከሆነ ማር ወይም የስኳር ውሃ በጣትዎ ድዱ ላይ ይቀቡ። ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አያፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ድዱን ብቻ በቀጭኑ ቀብተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ሙቀቱን እየጠበቁ ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። ቢነቃም መወሰድ አለበት፤ የማሩ ውጤት ብዙ አይቆይም። ለሰው የሚያገለግለው የስኳር መለኪያ በውሻ ደም ላይ ብዙ ጊዜ ከትክክለኛው ያነሰ ቁጥር ስለሚያሳይ በእሱ ብቻ አይወስኑ።

መከላከያው ምግብ ነው። እስከ 3 ወር በቀን 4 ጊዜ፣ እስከ 6 ወር ደግሞ 3 ጊዜ ይመግቡት፤ ሌሊቱን ሙሉ ጦሙን እንዳያድር የመጨረሻውን ምግብ አምሽተው ይስጡት። ወጥ አይቅመስ፤ ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ አንድ ኪሎ ለሚመዝን እንስሳ ደግሞ ጥቂቱ ብዙ ነው። ዘቢብ፣ ወይን፣ ቸኮሌትና ዛይሊቶል ያለበት ከስኳር ነጻ ማስቲካም ክልክል ናቸው።

«ቲካፕ» የሚባሉት

«ቲካፕ» የሻጮች ቃል ነው፤ የታወቁት የውሻ ማኅበራት እንዲህ ያለ የተለየ ዝርያ አይመዘግቡም። ቡችላው ከዝርያው ልክ በእጅጉ ባነሰ መጠን የስኳር መውረድ፣ የአጥንት ስብራትና የጥርስ ችግር ያሰጋዋል። ከሶፋ ላይ ዘሎ የፊት እግሩን የሚሰብር ትንሽ ውሻ ብርቅ አይደለም። እንዲያንስ ብለው ምግብ አይቀንሱበት፤ የመጨረሻ መጠኑን በዋናነት የሚወስነው ዘሩ ነው፣ ረሃብ የሚያተርፈው በሽታን ነው።

ክትባትን በተመለከተ «በጣም ትንሽ ነው፣ ይቆይ» አይበሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ በ12 ሳምንት ይሰጣል፤ መጠኑም ለትንሽ ውሻ አይቀነስም። በሽታው ባለበት አገር፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ያልተከተበ ቡችላ ከነከሰዎ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም 15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይታጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ።