በቆላ አገር ስለ ሃርድ ዲስክ አያያዝ

ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለችው ቆቦ የማሽላ፣ የጤፍና የሽንኩርት ገበያ ናት። የራያ ቆላ ሙቀት የሚበረታው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሲሆን፣ ይኸው ሙቀት ነጋዴው የሒሳብ መዝገቡን ለሚያኖርበት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ጠላት ነው።

ይህ ዕቃ ከውጭ ሲታይ ተራ ሣጥን ይምሰል እንጂ፣ በውስጡ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ዙር የሚሽከረከር ሰሌዳ አለበት። ጽሑፉን የሚያነበው ጫፍ ሰሌዳውን ሳይነካ፣ ከጠጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ክፍተት ያንዣብባል። ስለዚህ በሥራ ላይ ሳለ ቢወድቅ ወይም ቢናወጥ ጫፉ ሰሌዳውን ፍቆ የዓመታት መዝገብ ሊያጠፋ ይችላል።

ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ዕቃው በሚሠራበት ቦታ ያለው አየር ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍ ያሳስባሉ። ቆርቆሮ የለበሰ ሱቅ በቀትር ይህን ልክ ለማለፍ አያዳግተውም። አቧራ እንዳይነካው በማለት በሥራ ላይ ሳለ በጨርቅ የሚሸፍኑት አሉ፤ ነገር ግን ጨርቁ ሙቀቱን አፍኖ ያስቀረዋል። በከረጢቱ መክተት የሚገባው ሥራው አልቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

እንግዲህ ጥንቃቄው የሚከተለው ነው።

፩ኛ፤ ብዙ መዝገብ የሚገለበጠው በማለዳ ይሁን። ዕቃውም በደልዳላ ጠረጴዛ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ፤ ቬንትሌተርም ይረዳል።

፪ኛ፤ የጋለውን ዕቃ በበረዶ ወይም በፍሪጅ ማቀዝቀዝ አይገባም፤ በውስጡ ጤዛ ይቋጥራልና። ሥራውን አቁሞ በጥላ ማሳረፍ ይበቃል።

፫ኛ፤ ኬብሉ ከመነቀሉ በፊት በኮምፒዩተሩ ትእዛዝ ግንኙነቱ ይቋረጥ፤ ሰሌዳው መዞሩን እስኪያቆምም ዕቃው አይነሣ።

፬ኛ፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና መስተዋት ሥር አይተው፤ በዚያ ያለው ሙቀት ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል።

ይህ ሁሉ ቢፈጸምም ዘላለም የሚኖር ሃርድ ዲስክ የለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የሒሳብ መዝገብ ለ10 ዓመት እንዲጠበቅ ደንግጎ ነበር፤ አንድ ሣጥን ብቻ ግን ለዚህን ያህል ዘመን አይታመንም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ በደረሰ ጊዜ እንደታየው፣ ሱቅን በድንገት ጥሎ መሄድም ያጋጥማል። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ መዝገቡን በሁለት ሃርድ ዲስክ ይገለብጣል፤ አንዱን በሱቁ፣ ሁለተኛውን በሌላ ከተማ በሚያምነው ሰው ዘንድ ያኖራል። የዕቃው ዋጋ የሚተካ ሲሆን፣ የጠፋ የዱቤ መዝገብ ግን ከባለዕዳው ቃል በቀር ምስክር አይኖረውም።