ደገኛው ቀርከሃ በጓሮ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ እንጅባራ ሲደርስ፣ ዳርና ዳሩ በቀርከሃ ወንበር፣ ጠረጴዛና መደርደሪያ ይሞላል። ጥሬ ዕቃው ከሩቅ የመጣ አይደለም። የአካባቢው የአዊ ገበሬ በጓሮው ተክሎ የሚያሳድገው ነው።

ኢትዮጵያ ሁለት አገር በቀል የቀርከሃ ዝርያዎች አሏት። አንደኛው በምዕራቡ ቆላ፣ በተለይም በቤኒሻንጉል የሚበቅለው፣ ግንዱ ድፍን የሆነው ነው። ሁለተኛው ግንዱ ክፍት የሆነውና ከ2,200 ሜትር በላይ ያለው ብርድ የሚስማማው ደገኛው ነው። ከአዊ ሌላ በሲዳማ፣ በጨንቻ፣ በማሻና በባሌ ተራሮች ይገኛል። የዶርዜ ሰዎች ረጃጅም ቤቶቻቸውን የሚሠሩት ይህንኑ ቀርከሃ ሰንጥቀውና ሸምነው ነው።

ቀርከሃ የሣር ወገን ነው። የዛፍ ግንድ በየዓመቱ ሲወፍር፣ ቀርከሃ ግን በክረምት ከመሬት ብቅ ሲል የያዘውን ውፍረት እስከ መጨረሻው ይዞ ይኖራል። ቁመቱንም በጥቂት ወራት ይጨርሳል፤ ለም መሬት ካገኘ 15 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ቀጣዮቹ ዓመታት የመጠንከሪያ ናቸው።

ብዙ ሰው ቀርከሃ ግቢ ይወርራል ብሎ ይፈራል። ይህ ፍርሃት ሥረ ግንዳቸው እንደ ሰርዶ መሬት ውስጥ እየተሳበ ለሚሄድ አንዳንድ የእስያ ዝርያዎች እውነት ነው። የደገኛው ቀርከሃ ሥረ ግንድ ግን ጫፉ ወደ ላይ ታጥፎ ራሱ አዲስ ግንድ ይሆናል። ስለዚህ ከእናቱ ብዙም ሳይርቅ በዙሪያዋ ቀስ እያለ ይሰፋል።

ቀርከሃ የሚያብበው ከብዙ ዓመት አንዴ ስለሆነ ዘሩ በቀላሉ አይገኝም። ገበሬው የሚተክለው ከነባር ቁጥቋጦ ዳር ወጣት ግንድ ከነሥሩ ቆፍሮ በማውጣት ነው። ጫፉ ይቆረጣል፤ ጥቂት አንጓዎች ከነቅርንጫፋቸው ይቀሩለታል። በክረምት መግቢያ፣ ፍግ በተደባለቀበት ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ይተከላል። ውኃ የሚያቁር መሬት አይስማማውም። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቡቃያ ቀጭን ቢሆን አያስደነግጥ፤ ሥሩ ሲጠነክር በየክረምቱ የሚወጣው እየወፈረ ይመጣል። ከብት ለጋውን ቡቃያ እንዳይበላው ግን ማጠር ግድ ነው።

ትልቁ ሙያ ያለው አቆራረጡ ላይ ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላው ግንድ ለሥራ አልጠነከረም፤ ቡቃያውንም የሚመግበው እሱ ነው። አረንጓዴውን፣ ልባሱ ገና ከአንጓው ያልረገፈውን ትቶ፣ የገረጣውንና ሽበት ያወጣውን መምረጥ ይገባል። ጊዜውም በጋ ነው። ቡቃያ በሚወጣበት ክረምት የሚቆርጥ ሰው ለጋውን ይሰብራል። ሁሉንም ጠርጎ መቁረጥ ሥሩን ያዳክማል፤ ጨርሶ አለመቁረጥም ቁጥቋጦው በአሮጌ ግንድ ታፍኖ አዲስ እንዳያወጣ ያደርገዋል። የተቆረጠውን ነቀዝ እንዳይበላው ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ወይም በጭስ ማጠን የቆየ ዘዴ ነው።

ደጋ ላይ የምትኖሩና በጓሯችሁ ትርፍ ጥግ ያላችሁ፣ በመጪው ክረምት አንድ እግር ቀርከሃ ትከሉ። ከዚያ በኋላ በየበጋው አሮጌውን እየመረጣችሁ ከቆረጣችሁለት፣ ዳግም መትከል ሳያስፈልጋችሁ ለብዙ ዓመታት አጥርም፣ ዕቃም፣ ገቢም ይሆናችኋል።